ቢልቦርድ ላይ የሞተው አባቴ

አባቴ የሞተው ማክሰኞ ዕለት ነበር። ሐሙስ ዕለት ሙዝ ይዞ መጣ።

ይህን ባወራሁ ቁጥር ሰው ይስቃል፤ እኔም እንዲስቅልኝ ነው የማወራው። ያኔ ግን የሚያስቅ ነገር አልታየኝም። የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ስለ ሞት የማውቀው ሰው ሲሞት ድንኳን እንደሚተከል፣ ትምህርት ቤት እንደሚቀርና ጎረቤት ሁሉ ምግብ ይዞ እንደሚመጣ ብቻ ነው። የሞተ ሰው ተመልሶ አይመጣም የሚል ሕግ መኖሩን ማንም አልነገረኝም ነበር።

ያኔ ቤታችን ቃሊቲ ነበር፤ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ፣ ከባድ መኪኖች ከሚቆሙበት ሜዳ ጀርባ። አባቴ ጅብሪል የሌላ ሰው ተሳቢ መኪና ይዞ ጅቡቲ የሚመላለስ ሹፌር ነበር። እናቴ ላጢፋ አጥራችን ላይ በተከፈተች ጠባብ ሱቅ ስኳር፣ ዘይትና ሳሙና ትሸጣለች። ሁለቱም ወሎ፣ ሐይቅ ተወልደው ተጋብተው የመጡ ናቸው። አባቴ ቤት የሚያድርባቸው ሌሊቶች በጣት የሚቆጠሩ ስለነበሩ፣ ለእኔ አባት ማለት አልፎ አልፎ ፍራፍሬ ይዞ የሚመጣ፣ ናፍታ ናፍታ የሚሸት እንግዳ ነበር። እወደው ነበር፤ እንግዳ ማን ይጠላል።

ማክሰኞ ጠዋት እማማ አደሴ ሁለት እጃቸውን ጭንቅላታቸው ላይ አድርገው ግቢያችን ገቡ። እማማ አደሴ ጎረቤታችን ናቸው፤ ባላቸው አባባ ሮሪሳ የእድራችን ዳኛ ነበሩ። ሰፈሩ ሁሉ የጤፍ ማሳ ከነበረ ጊዜ ጀምሮ እዚያው የኖሩ ሰዎች ናቸው። እማማ አደሴ ከቀሯቸው ሁለት ላሞች የሚያልቡትን ወተት በየጠዋቱ አደባባዩ አጠገብ ላለ ሆቴል ያደርሱ ነበር። የዚያን ቀን ወተቱን ሳያደርሱ ተመለሱ።

«ላጢፋ! ልጄ! ጅብሪል የት ነው ያለው?»

«መንገድ ነዋ እማማ። ምነው?»

«ያ ዋቃ! አልሰማሽማ!» አሉና መሬት ላይ ዘጭ አሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዓመት ሙሉ ቢራ ሲያስተዋውቅ የኖረው የአደባባዩ ትልቅ ቢልቦርድ ላይ በሌሊት ሌላ ሥዕል ተሰቅሏል። ሥዕሉ ላይ አባቴ አለ። እማማ አደሴ ማንበብ ስለማይችሉ አጠገባቸው የቆመውን የታክሲ ረዳት ምን እንደሚል ጠየቁት፤ እሱም ጮክ ብሎ አነበበላቸው። «እኔ ባልኖርም፣ እነሱ ይኖራሉ» ይላል።

«ፎቶው ጥቁርና ነጭ ነው» አሉ እማማ አደሴ እያለቀሱ። «ከረባት አድርጓል።»

«ጅብሪል? ከረባት?» እናቴ እስከዚያ ድረስ ነገሩን በፈገግታ ነበር የምታዳምጠው። አባቴ በሠርጉ ቀን እንኳ ከረባት አላሰረም።

«ራሱ መች አሰረው ልጄ። አልብሰውት ነው እንጂ።»

እናቴ ስልክ ደወለች። ስልኩ ውስጥ ያለችው ሴት ደንበኛውን ማግኘት እንደማይቻል ነገረቻት። ደግማ ደወለች፤ ሴትዮዋ ቃሏን አልለወጠችም። አባቴ በዚያ ሰዓት አፋር በረሃ፣ ኔትወርክ የሚባል ነገር በሌለበት፣ መኪናው ሥር ጥላ ይዞ ተኝቶ ነበር፤ ይህን ያወቅነው በኋላ ነው። አባባ ሮሪሳ ስልኩን ተቀብለው አዳመጡና «እሷም ሰምታለች ማለት ነው» ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ።

የእድር ዳኛ ግን በወሬ ድንኳን አያስተክልም። አባባ ሮሪሳ እናቴን፣ እኔንና ሁለት የእድር ሰዎችን አስከትለው በዓይናቸው ሊያጣሩ አደባባዩ ድረስ ሄዱ።

ሥዕሉን ዛሬም ዓይኔን ጨፍኜ አየዋለሁ። ከታች ቀይ ጣሪያ ያለው አዲስ ቤት አለ፤ ከፊት ለፊቱ አረንጓዴ ሣር። ሣሩ ላይ ነጭ ካልሲ ያደረጉ ወንድና ሴት ልጆች ይሯሯጣሉ። አንዲት ቀጭን ሴት በአንድ እጇ ትልቅ ጃንጥላ ዘርግታ፣ በሌላው ቁልፍ ይዛ ትስቃለች። ሰማዩ ላይ ደግሞ፣ ከደመናው ጋር ተቀላቅሎ፣ ከደረቱ በላይ ብቻ፣ አባቴ። እነሱ በቀለም ናቸው፤ እሱ ግራጫ ነው። ከጭንቅላቱ ጀርባ ብርሃን ይወጣል። ቁልቁል ያያቸዋል፤ እነሱ ቀና ብለው አያዩትም።

ዛሬ እንጀራዬ ይኸው ነው፤ የማስታወቂያ ድርጅት ውስጥ ሥዕል እገጣጥማለሁ። ስለዚህ በሙያዬ ልመስክር። ያ ጃንጥላ በጠራራ ፀሐይ የተዘረጋው ለዝናብ አይደለም፤ ምንም ነገር እንደማይነካቸው እንድናምን ነው። ነጩ ካልሲ ጭቃ የሌለበት ሰፈር ይኖራሉ ማለት ነው፤ ቃሊቲ ላይ ነጭ ካልሲ እስከ አስፋልቱ አይደርስም። ቁልፉ ቤቱ የኪራይ እንዳልሆነ ይናገራል። ከረባቱ ደመወዝ። ግራጫው፣ ደመናውና ብርሃኑ ደግሞ ሰውየው ሞቷል ማለት ነው፤ ሌላ ምንም ማለት አይደለም። የሕይወት ኢንሹራንስ ማስታወቂያ ነበር። የድርጅቱን ስም አልጠራም፤ ዛሬ ደንበኛችን ነው። እማማ አደሴ የተሰቀለውን ነገር ልክ እንዲታይ እንደተፈለገው ነው ያዩት። ጥፋቱ ሟቹን ማወቃቸው ብቻ ነው።

እኔ ያየሁት ግን ሌላ ነው። አባቴ ሥራ ቀይሮ የእነዚያን ልጆች ቤት ከሰማይ ላይ ሆኖ የሚጠብቅ ዘበኛ የሆነ መሰለኝ። እጄን አውለበለብኩለት። አላየኝም፤ እነሱን እያየ ነበር። ነጭ ካልሲ ስለሌለኝ ነው ብዬ በጣም ተናደድኩ።

እናቴ ለረጅም ጊዜ አንጋጣ ቆመች። እንባዋ ይወርዳል። ከዚያ ድንገት ቀጥ አለ።

«ይቺ ማናት?» አለች።

አባባ ሮሪሳ ለሟቹ ክብር ያወለቁትን ባርኔጣ መልሰው አደረጉት።

ድንኳኑ ከሰዓት በኋላ ተተከለ። አስከሬን ስለሌለ በረሃ ላይ ተቀብሮ ይሆናል ተባለ። ለቅሶው ለሁለት ተከፈለ። ወንዶቹ ስለ ጅብሪል ደግነት ያወራሉ፤ ሴቶቹ ስለ ባለ ጃንጥላዋ። «ሹፌር እኮ ነው» ይባባላሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «አዋሽ ይሆናል ያስቀመጣት። ሣሩን አላየሽም? ውኃ ያለበት አገር ነው።» አንዷ የልጆቹን ቁመት አስታውሳ ወንዱ ልጅ ከእኔ እንደሚበልጥ አረጋገጠች። እማማ አደሴ እናቴን ሊያጽናኑ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብለው «ቢሆንም አንገቷ አጭር ነው» አሏት።

እናቴ ፍራሹ ላይ ተቀምጣ መላ ቅጡ ጠፍቷት ነበር። ባሏን ልታለቅስ ስትል ባለ ጃንጥላዋ ትመጣባታለች። እሷን ልትረግም አፏን ስትከፍት ደግሞ ባሏ መሞቱ ትዝ ይላታል። ሁለት ቀን እንዲህ ስትሆን ሰነበተች።

ሐሙስ ረፋድ ላይ አባቴ መኪናውን ሜዳው ላይ አቁሞ፣ ሙዙን አንጠልጥሎ መጣ። ድንኳኑን ሲያይ ደነገጠና በር ላይ ወደተቀመጡት ሽማግሌ ጎንበስ አለ።

«ማን ሞቶ ነው?»

«ጅብሪል» አሉት ሽማግሌው፣ ቀና ሳይሉ።

«ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» አለ አባቴ። ሰፈራችን ውስጥ ሥጋ ቤት ያለው ሌላ ጅብሪል ነበር። አባቴ ጫማውን አውልቆ ገባ፣ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠ፣ ለሟቹ ዱዓ ሊያደርግ ሁለት እጁን ዘረጋ። ዱዓውን ሳይጨርስ አንዲት ሴት ጮኸች። ሌላዋ ከነወንበሯ ወደቀች። አባባ ሮሪሳ ብቻ ከተቀመጡበት ሳይነሱ ትክ ብለው አዩትና «ከረባቱስ?» አሉት።

እኔ አልደነገጥኩም። የሞተ ሰው የራሱን ድንኳን ሊያይ መምጣቱ ተገቢ መሰለኝ። ሄጄ ሙዙን ተቀበልኩት።

የቀረውን ግቢያችን በር ሥር ቁጭ ብዬ፣ ሙዝ እየላጥኩ ነው ያየሁት። ሰው እልል አለ፣ ተቃቀፈ፣ እንደገና አለቀሰ። አባቴ ለማስረዳት ይታገላል። ከጥቂት ወር በፊት መኪና ማቆሚያው ላይ ፊቱን ሲታጠብ ካሜራ የያዙ ልጆች አገኙት። «የአባት ፊት አለህ» አሉት። ስቱዲዮ ወስደው ኮትና ከረባት አልብሰው አነሱት፤ ወረቀት አስፈረሙት፣ ምሳ ጋበዙት። ሴትዮዋንም ልጆቹንም በዓይኑ አይቷቸው አያውቅም፤ በኮምፒውተር ነው የቀጣጠሏቸው።

እናቴ ከቤት ወጣች።

«ለምን እንደሚያነሱህ ታውቅ ነበር?» አለችው።

«ለኢንሹራንስ ነው ብለውኛል።»

«እንደምትሞትስ ነግረውሃል?»

«ማስታወቂያ እኮ ነው ላጢፋ። ብነግርሽ ሟርት ነው ትይኛለሽ ብዬ ነው ዝም ያልኩት።»

«ኢንሹራንሱንስ ሰጡህ?»

አባቴ ግራ ገባው። «ለእኔ? ለእኔማ አይደለም፤ ፎቶው ነው የተፈለገው።»

«እንግዲያው ነገ ገደል ብትገባ ቁልፉን የምትይዘው እሷ ናት። እኔ አይደለሁም።»

አባቴ ሳቀ። መሳቅ አልነበረበትም።

እናቴ ጥቁር ሻሿን አጥብቃ አሰረችና ሰዉን ሁሉ ዞር ብላ አየችው። «ባሌ ሞቷል» አለች ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። «ቃሊቲ በሙሉ አይቷል፤ እናንተም አልቅሳችሁለታል፣ አላህ ይስጥልኝ። እኔ ባል የሞተባት ሴት ነኝ፤ ዒዳዬን እቀመጣለሁ። አራት ወር ከአሥር ቀን ባዕድ ወንድ ግቢዬን አይረግጥም።» አለችና እኔን ጎትታ አስገብታ የቆርቆሮውን በር ጠረቀመችው።

ውጭ ያለው ሰው በሳቅ ፈረሰ። ሲመሽ ትከፍትለታለች ተባለ። አልከፈተችም። አባቴ መኪናው ውስጥ አደረ።

በማግስቱ የመስጊዳችን ሼህ ታጁ ሊያስታርቁ መጥተው በበሩ ቀዳዳ አነጋገሯት።

«ልጄ፣ ባሏ በሕይወት ያለ ሴት ዒዳ የላትም። እኔ ነኝ የምልሽ።»

«በሕይወት መኖሩን በምን አወቁ ሼህ?»

«እዚህ አጠገቤ ቆሟል እኮ! ሰላም ተባብለናል!»

«አደባባዩ ላይስ?»

ሼህ ታጁ ጢማቸውን አሹ። ሐቀኛ ሰው ናቸው። «አደባባዩ ላይ ሞቷል» አሉ።

«እኔ ትልቁን ነው የማምነው» አለች እናቴ።

እንግዲህ ትልልቆቹ ነገሩን ምን ብለው እንደያዙት አላውቅም፤ እኔ ግን ቃል በቃል ነው የያዝኩት። እናቴ ዋሽታኝ አታውቅም። አባቴ ሞቷል፤ ሞቶም ይመላለሳል። ከመንገድ በተመለሰ ቁጥር በር ያንኳኳል፤ እናቴ ምሳ ዕቃ ሙሉ ምግብ ትሰጠኝና «ለሟች ሰደቃ ነው፤ ውሰጂለት» ትለኛለች። ሟቹ የምግብ ፍላጎቱ የሚገርም ነበር። ምሳ ዕቃውን አጥቦ ይመልሳል። ትምህርት ቤት አስተማሪዬ አባቴ ምን እንደሚሠራ ስትጠይቀኝ «ሞቷል፤ ግን ፍራፍሬ ያመጣል» አልኳት። አቅፋኝ አለቀሰች፤ ለምን እንደሆነ አልገባኝም።

ሰፈሩም ስሙን ትቶ «ሟቹ» ይለው ጀመር። «ሟቹ መጣ፣ ቦታ ልቀቁለት» ይባላል ሜዳው ላይ። አባቴ መሄጃ ስላልነበረው ከተማ በገባ ቁጥር ቀናው የሚባል ጓደኛው ጎሚስታ ቤት ይውላል፤ ጎማ ሲያወጣና ሲለጥፍ አየዋለሁ። ወደ ኢንሹራንሱ ድርጅት ሄዶ ፎቶዬን አውርዱልኝ ብሎ ነበር። «ፈርመሃል» አሉት።

አንድ ቀን ምሳ ዕቃውን ሳቀብለው የሚያሳስበኝን ጠየቅሁት።

«አባዬ፣ እዚያ ይበርዳል?»

«የት?»

«ያለህበት።»

«ሚሌ በረሃን ነው? እሳት ነው እንጂ የምን ብርድ! ትናንት ጎማዬ ሊቀልጥ ምንም አልቀረው።»

ስለ እሳቱ ሼህ ታጁ አስተምረውን ነበር። ሮጬ ሱቅ ገብቼ የሳሙና ካርቶኑ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። እናቴ ምን ሆነሽ ስትለኝ «አባዬ እሳት ውስጥ ነው» አልኳት። ትስቃለች ወይም ትቆጣለች ብዬ ነበር። «አውቃለሁ» ብላ ጭንቅላቴን ደረቷ ላይ ያዘችው።

ያኔ የደረስኩበት ድምዳሜ እናቴ ሟቹን አጥብቃ ትጠላዋለች የሚል ነው። ማስረጃም ነበረኝ። እሱ በሩ ጋ ቆሞ ሲያወራኝ እሷ ከውስጥ ቆርቆሮው ላይ ጆሮዋን ለጥፋ ትቆማለች። መኪናው ሲነሳ፣ ማርሽ ሲቀይር፣ ድምፁ አስፋልቱ ላይ እስኪጠፋ ድረስ አትንቀሳቀስም። መሄዱን እያረጋገጠች ነው ብዬ አሰብኩ።

ባለፈው ዓመት አሁን የምትኖርበት ኮዬ ፈጬ ልጠይቃት ሄጄ ነገሩን አነሳሁባት። ያን ያህል የጨከነችው በባለ ጃንጥላዋ ምክንያት እንደሆነ እርግጠኛ ነበርኩ።

«የምን ባለ ጃንጥላ?» አለችኝ። «እሷንማ ያኔውኑ ነው የረሳኋት። አንቺ አልገባሽም። ስልክ በጮኸ ቁጥር፣ አባትሽ አንድ ቀን በቆየ ቁጥር፣ በልቤ የማየው ነገር ነበር። ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ያንን ነው ቤት አሳክለው የሰቀሉብኝ። ድንኳኑም፣ ሰዉም፣ እኔም የተቀመጥኩበት ፍራሽ ሳይቀር ልክ እንደማየው ነበር። እሱ ደግሞ መጥቶ ሳቀብኝ።» ከዚያ ሻይ ልቅዳልሽ አለችኝ። ስንቱን ሰው በሥዕል ሳሳምን ውዬ እናቴን ማየት አለመቻሌ አሳፈረኝ።

ዒዳው አለቀ። በማግስቱ አባባ ሮሪሳ አዲስ ጋቢ ለብሰው፣ ሼህ ታጁን አስከትለው በራችንን አንኳኩ። ሽማግሌ ስለሆኑ ተከፈተላቸው። አባቴ አብሯቸው መጥቶ ነበር፤ እሱ ግን ውጭ፣ ከቆርቆሮው ጀርባ ቀረ። ሽማግሌዎቹ በረንዳው ላይ ተቀመጡ። እናቴ የሳሎኑን መጋረጃ ጋርዳ ከውስጥ ሆነች። እኔ በሩ ጋ ቆሜ ሁለቱንም ወገን አያለሁ።

«ልጄ ላጢፋ» ጀመሩ አባባ ሮሪሳ፣ «ባል ሞቶብሽ ብቻሽን መቅረትሽን ሰምተን፣ አንድ ሰው ለትዳር ጠይቁልኝ ብሎ ልኮን ነው።»

«ማን ነው ሰውየው?»

«ጨዋ ሰው ነው። ወሎዬ ነው።»

«ወሎዬ ሁሉ ጨዋ ነው ያለው ማን ነው?»

«ይሰግዳል» አሉ ሼህ ታጁ። «ትንሽ ይስቃል እንጂ።»

«መሳቁን ሰምቻለሁ። ልጅ አለው?»

«አንዲት ሴት ልጅ። ጎበዝ ናት፤ ምግብ ታመላልሳለች።» አባባ ሮሪሳ ወደ እኔ ጠቀሱ።

«ሥራውስ?»

አባባ ሮሪሳ ጋቢያቸውን አስተካከሉ። ሼህ ታጁን አዩ። ሼህ ታጁ መሬት መሬቱን አዩ።

«ሹፌር ነው» አሉ አባባ ሮሪሳ ቀስ ብለው።



«ሹፌር አላገባም» አለች እናቴ። «አንዴ ሹፌር አግብቼ ነበር። ሞተብኝ።»

ቀልዱ ከተጀመረ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ማንም አልሳቀም። አባባ ሮሪሳ እጃቸውን አገላብጠው አዩ። እኔ ወደ ውጭ ዞር አልኩ። አባቴ ግንባሩን ቆርቆሮው ላይ አስደግፎ ነበር። ፊቱ ሥዕሉ ላይ እንዳለው ዓመድ መስሏል። አሁን ሳስበው፣ አራት ወር ሙሉ ምን እየተባለ እንደነበረ የገባው በዚያች ደቂቃ ነው።

«ጎሚስታስ?» አለ ከውጭ።



«ቀናው አብረን እንሥራ ብሎኛል። መኪናውን ለባለቤቱ እመልሳለሁ» አለ አባቴ። «ጎሚስታ ታገቢያለሽ ወይ?»

መጋረጃው ተነቃነቀ።

«ጎሚስታ ማታ የት ነው የሚያድረው?»

«ቤቱ።»

«ሁልጊዜ?»

«ሁልጊዜ።»

እናቴ በባዶ እግሯ ወጥታ፣ በሽማግሌዎቹ መሀል አልፋ፣ በሩን በረገደችው። አባቴን አየችው። በሁለት እጇ ኮሌታውን ይዛ ደረቱን በቡጢ ደበደበችው፤ ከዚያ እዚያው ደረቱ ላይ ተደፍታ ጮኻ አለቀሰች። ድንኳኑ ውስጥ ሁለት ቀን አልወጣ ያላት ለቅሶ ነው። እሱም እያለቀሰ «አለሁ፣ አለሁ» ይላታል።

እኔ ግን ያለቀሰችው ሰውየውን ስላልፈለገችው መሰለኝ። ልትመልሰው ነው ብዬ ፈራሁ። ሄጄ ቀሚሷን ጎተትኩና «እማዬ፣ አግቢው» አልኳት፤ «የሞተ ቢሆንም ጥሩ ሰው ነው።»